ፊርማቸውን የነፈጉት ሰዎች፦ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንዴት ተወለደ

(በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ለዜግነት ፈተና ለሚዘጋጁ ወገኖች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። በሥራ ደክማችሁ፣ ልጆቻችሁን ለሰው አደራ ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በ2008ቱ የዜግነት ፈተና የጥናት ወረቀት ላይ «ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ 1787 ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፈታኙም ከዚህ በላይ አይጠይቃችሁም። እኔ ግን ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት በዚያ ዓመት ፊላደልፊያ ላይ ስለተሸነፉት ሰዎች ነው። ስለ አሸናፊዎቹ ብዙ ተብሏል። በእኔ እምነት ይህ ሕገ መንግሥት እስከ ዛሬ የቆመው፣ የተሸነፉት ሰዎች ነገሩን ረግጠው ስላልወጡ ነው። ለመሸነፍም ቦታ ስለነበራቸው ነው። ቦታ ያልነበራቸውም አሉ፤ ስለነሱም እናወራለን።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1787 ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ፣ ከ11 ዓመት በፊት የነፃነት መግለጫው በጸደቀበት ሕንፃ፣ 41 ሰዎች ተሰብስበዋል። ክረምቱን ሙሉ ሲከራከሩ ባጅተዋል። ጽሑፉ በብራና ተገልብጦ ቀርቧል። የሚቀረው ፊርማ ብቻ ነው። የ81 ዓመቱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ንግግር ጽፎ መጥቷል። ቆሞ ለማንበብ አቅም ስላነሰው ጄምስ ዊልሰን አነበበለት። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማልቀበላቸው ነገሮች አሉ፤ ነገር ግን በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ እርግጠኛ ሆኜ ኋላ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ እናንተም እንደኔ ቅር ያላችሁ ካላችሁ፣ «አልሳሳትም» የሚለውን እምነታችሁን ለዛሬ ትንሽ ተጠራጠሩትና ፈርሙ።

38 ሰዎች ፈረሙ። ታሞ ወደ ቤቱ ለሄደው ለጆን ዲኪንሰን ደግሞ ጓደኛው ፈረመለት። ሦስቱ ግን አንፈርምም አሉ። አንዱ የቨርጂኒያ ገዥ ኤድመንድ ራንዶልፍ ነው። ሁለተኛው የማሳቹሴትሱ ኤልብሪጅ ጌሪ ነው። ሦስተኛው ጆርጅ ሜሰን ነው።

ጆርጅ ሜሰን የሚለውን ስም በዚህ አካባቢ የማያውቅ የለም። ብዙ ልጆቻችን የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ በስሙ ይጠራል። ቤቱ ገንስተን ሆል ከዚህ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ነው። የጆርጅ ዋሽንግተን ጎረቤትና የብዙ ዓመት ወዳጅ ነበር። በ1776 የቨርጂኒያን የመብቶች መግለጫ በዋናነት ያረቀቀው እሱ ነው። ይህ ሰው ኦገስት 31 ቀን ጉባኤው ላይ ተነሥቶ፣ ጽሑፉ አሁን እንዳለ ሆኖ ከምፈርምበት ቀኝ እጄን ብቆርጠው ይሻለኛል አለ። የምሩን ነበር።

ለምን እንዲህ አመረረ? እሱን ለመረዳት መጀመሪያ ለምን እንደተሰበሰቡ እንይ።

ከሕገ መንግሥቱ በፊትም አሜሪካ መንግሥት ነበራት። በ1777 ተረቅቆ በ1781 የጸደቀ የኮንፌዴሬሽን ውል ነበር። በዚያ ውል ፕሬዚዳንት የሚባል የለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤትም የለም። ያለው ኮንግረስ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ግዛት፣ ትልቅ ሆነ ትንሽ፣ አንድ ድምፅ አለው። ኮንግረሱ ግብር መጣል አይችልም፤ ግዛቶቹን ገንዘብ ስጡኝ ብሎ ይለምናል። ውሉን ለማሻሻል ደግሞ 13ቱም መስማማት አለባቸው። ዳኛ የሌለው ዕቁብ አስቡ። ዕጣውን ሁሉም ይፈልገዋል፤ መዋጮ ሲባል ግን ሁሉም ዘንድሮ አልተመቸኝም ይላል፤ የሚያስገድደውም የለም።

ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ አምስት በመቶ ቀረጥ ይጣል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በ1782 ሮድ አይላንድ እምቢ አለች። የአንዷ እምቢታ በቂ ስለነበር ነገሩ እዚያው ቀረ። ሁለተኛ ሲሞከር ኒውዮርክ አሰናከለችው። መንግሥቱ ለወታደሮቹ እንኳ መክፈል አቃተው። በጁን 1783 ደመወዝ ያጡ ወታደሮች መሣሪያቸውን ይዘው ፊላደልፊያ የነበረውን ኮንግረስ ከበቡት። ኮንግረሱ ወደ ፕሪንስተን ሸሸ። እንግሊዝን ያሸነፈች አገር ምክር ቤቷ ከራሷ ወታደሮች ሸሸ ማለት ነው።

አሁን የምነግራችሁ ደግሞ እዚሁ ሰፈራችን የሆነ ነው። በማርች 1785 የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ተወካዮች እዚህ አሌክሳንድሪያ ሊገናኙ ቀጠሮ ያዙ። ጉዳያቸው ፖቶማክ ወንዝ ነው። መርከብ ማን ያሳልፋል? ዓሣ ማን ያጠምዳል? ቀረጡን ማን ይወስዳል? ሜሪላንዶች መጡ። ቨርጂኒያ ከመረጠቻቸው ሰዎች መካከል ግን ጄምስ ማዲሰን ለተባለው ፖለቲከኛና ለራንዶልፍ ስለ ቀጠሮው የነገራቸው አልነበረም። መንግሥት የሚባለው ነገር በዚህ ደረጃ ላይ ነበር። ሜሰንና አንድ ሌላ ተወካይ ግን ተገኙ። ዋሽንግተን ይህን ሲሰማ ሁሉንም ወደ ቤቱ ወደ ማውንት ቨርነን ጋበዛቸው። እዚያ ቁጭ ብለው ተስማሙ።

ያ ትንሽ ስምምነት ሌላ ሐሳብ ወለደ። ሁለት ግዛቶች ከተስማሙ ሁሉም ለምን አይገናኙም ተባለ። በሴፕቴምበር 1786 አናፖሊስ ላይ ስብሰባ ተጠራ። የመጡት የአምስት ግዛቶች 12 ሰዎች ብቻ ናቸው። በዚያ ቁጥር ምንም መወሰን አይቻልም። የኒውዮርኩ አሌክሳንደር ሐሚልተንና ማዲሰን ግን ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። በሚቀጥለው ሜይ ፊላደልፊያ ላይ ሁሉም ይምጣ የሚል ጥሪ አስተላለፉ።

ሰውን ከቤቱ ያወጣው ጥሪው ብቻ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ምዕራብ ማሳቹሴትስ ውስጥ ገበሬዎች ተነሡ። ብዙዎቹ ለነፃነት የተዋጉ ናቸው። ግዛቱ ግብሩን በወርቅና በብር ሳንቲም ክፈሉ ይላቸዋል፤ እነሱ እጅ ላይ ደግሞ ሳንቲም የለም። መሬታቸው በዕዳ ይሸጣል። እነሱም ለዕዳ ይታሰራሉ። የጦርነቱ ካፒቴን የነበረው ዳንኤል ሼይስና ሌሎች መሪዎች ገበሬዎቹን አስከትለው ፍርድ ቤቶችን ዘጉ። በጃንዋሪ 1787 ስፕሪንግፊልድ ያለውን የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሊይዙ ሲሄዱ መድፍ ተተኮሰባቸው። አራት ሰዎች ሞቱ። አመፁን የበተነው ጦር የተከፈለው በቦስተን ሀብታሞች መዋጮ ነው፤ መንግሥት ገንዘብ አልነበረውማ። ዋሽንግተን ይህን ሲሰማ ደነገጠ። ከጡረታው ወጥቶ ፊላደልፊያ ለመሄድ የወሰነው ከዚህ በኋላ ነው።

ጉባኤው ሜይ 14 ሊከፈት ቢታሰብም በቂ ሰው የተገኘው ሜይ 25 ነው። በጠቅላላው 55 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ከ12 ግዛቶች። ሮድ አይላንድ ማንንም አላከችም። ታላቁ ተናጋሪ ፓትሪክ ሄንሪም ተመርጦ ሳለ አልሄድም አለ። ዋሽንግተን ሰብሳቢ ሆነ።

ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የደነገጓቸው ሁለት ደንቦች አሉ። እኔ ከሁሉም የምወዳቸው እነዚህን ነው።

የመጀመሪያው ምሥጢር ነው። የተባለው ሁሉ ከበሩ እንዳይወጣ ወሰኑ። በር ላይ ጠባቂ ቆመ። በዚያ ሙቀት መስኮት ተዘጋ። የጆርጂያው ዊልያም ፒርስ የጻፈውን ልንገራችሁ። አንድ ቀን አንድ ተወካይ የውይይቱን ሐሳቦች የያዘ ወረቀት መሬት ላይ ጣለ። ሌላው አንሥቶ ለዋሽንግተን ሰጠው። ዋሽንግተን ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ቀኑን ሙሉ ዝም አለ። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ተነሣ። ተጠንቀቁ፣ ወሬያችን ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሕዝቡን እንዳያውክ ብሎ አስጠነቀቃቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረና «የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባለቤቱ ይውሰደው» አለ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ ባርኔጣውን አነሣና ወጣ። ፒርስ ኪሱን ቢዳብስ የራሱ ወረቀት የለም። ልቡ ቀጥ አለች። ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ቢያይ ጽሕፈቱ የእሱ አይደለም። ማረፊያው ሲደርስ የራሱን ወረቀት ጠዋት ባወለቀው ኮት ኪስ ውስጥ አገኘው። የወደቀውን ወረቀት ግን የእኔ ነው ብሎ የወሰደ ሰው አልተገኘም።

ሁለተኛው ደንብ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ማን ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ በስም አይመዘገብም። ድምፅ የሚቆጠረው በግዛት ነው። በስም ይመዝገብ የሚል ረቂቅ ደንብ ሲቀርብ የማሳቹሴትሱ ሩፉስ ኪንግ ተቃወመ። ሜሰን ደገፈው። የሜሰን ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሰው አቋም በመዝገብ ከሰፈረ፣ ኋላ ሌላው አሳምኖት እንኳ ሐሳቡን ለመለወጥ ይቸግረዋል። አንዴ የተወሰነ ነገርም እንደገና ሊነሣ ይችላል ተባለ። በዚህ ምክንያት ሰዎቹ ያለ ሐፍረት ሐሳባቸውን መለወጥ ቻሉ። ዛሬ ያወገዘውን ነገ መደገፍ ተቻለ።

ማን ምን እንዳለ ዛሬ የምናውቀው ደግሞ ማዲሰን በየቀኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ ማስታወሻ ስለያዘ ነው። ማስታወሻው የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1840 ነው።

ወደ ጭቅጭቁ እንግባ። ማዲሰን ያዘጋጀውን ዕቅድ ሜይ 29 ቀን ራንዶልፍ አቀረበው። አዎ፣ በመጨረሻ አልፈርምም ያለው ያው ራንዶልፍ። ዕቅዱ አሮጌውን ውል ጥሎ ሁለት ምክር ቤት ያለው ጠንካራ መንግሥት ይመሥርት የሚል ነው። በሁለቱም ምክር ቤት ብዙ ሕዝብ ወይም ብዙ ሀብት ያለው ግዛት ብዙ ወንበር ያገኛል። ቨርጂኒያና ፔንሲልቬኒያ ደስ አላቸው። ትንንሾቹ ግን ልንዋጥ ነው ብለው ተነሡ። ጁን 15 ቀን የኒው ጀርሲው ዊልያም ፓተርሰን ሌላ ዕቅድ አመጣ፤ እያንዳንዱ ግዛት እንደ ድሮው እኩል ድምፅ ይኑረው የሚል። የደላዌሩ ጋኒንግ ቤድፎርድ ደግሞ ጭራሽ፣ ከገፋችሁን የሚታመን የውጭ አገር ወዳጅ ፈልገን እጁን እንይዛለን እስከማለት ደረሰ። የነፃነቱ ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነው። አዳራሹ ውስጥ ይህን መስማት ምን እንደሚመስል አስቡት።

ጁላይ 2 ቀን ስለ ሴኔቱ ድምፅ ሲሰጥ አምስት ለአምስት ሆነ፤ ጆርጂያ ለሁለት ተከፈለች። ነገሩ ተሰናከለ። ለአንድ ኮሚቴ ተመራና በጁላይ 16 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ዛሬ የምናውቀው ውሳኔ አለፈ። የተወካዮች ምክር ቤት በሕዝብ ቁጥር፤ ሴኔት ግን ለሁሉም እኩል። ለዚህ ነው ዛሬ 39 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚኖርባት ካሊፎርኒያና 600 ሺህ እንኳ የማይሞላባት ዋዮሚንግ እኩል ሁለት ሁለት ሴናተር ያላቸው። ትክክል ነው ወይ የሚለው ክርክር አሁንም አልበረደም። በእኔ አስተያየት ያኔ ካልሆነ አገር አይኖርም ነበር፤ ዛሬ ግን ሚዛኑ በጣም ተዛብቷል።

ያን ቀን ዋናው ተሸናፊ ማን ይመስላችኋል? ማዲሰን ነው። «የሕገ መንግሥቱ አባት» የሚባለው ማዲሰን። ሴኔቱም በሕዝብ ቁጥር ይሁን ብሎ ለሳምንታት ተከራክሮ ተሸነፈ። በማግስቱ ሌላ ትልቅ ነገር ተሸነፈ፤ ኮንግረሱ የግዛቶችን ሕግ የመሻር ሥልጣን ይኑረው የሚለው ሐሳቡ ተጣለ። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ፓሪስ ለነበረው ለቶማስ ጄፈርሰን ሲጽፍ፣ ይህ ዕቅድ ቢጸድቅም ዓላማውን በደንብ አያሳካም የሚል ፍርሃቱን ነግሮታል። እንግዲህ አባት የተባለው ሰው ልጁን እንዲህ ነበር የሚያየው። ግን ፈረመ። ፈርሞም አላረፈም፤ ከሐሚልተንና ከጆን ጄይ ጋር ሆኖ በጋዜጣ እየጻፈ የተሸነፈበትን ሕገ መንግሥት ሲሟገትለት ከረመ።

ስለ ፕሬዚዳንቱ ብዙ አላወራም። ጁን 1 ቀን ዊልሰን ሥልጣኑ ለአንድ ሰው ይሰጥ ሲል አዳራሹ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሁሉም ንጉሥ ፈርቷል፤ ዋሽንግተን ደግሞ እዚያው ፊታቸው ተቀምጧል። ስንት ዓመት ይቆይ፣ ማን ይምረጠው እያሉ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ከርመው፣ አራት ዓመት እና በመራጮች ጉባኤ የሚል መፍትሔ ላይ የደረሱት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን። ስለ ድርድር ሳወራ ወንበር ስለነበራቸው ሰዎች ነበር። በ1790 በተደረገው የመጀመሪያ ቆጠራ ከ3.9 ሚሊዮን ሕዝብ 700 ሺህ ያህሉ በባርነት የተያዙ ነበሩ። ከሁሉም የሚበልጡት እዚህ ቨርጂኒያ ነበሩ። አንዳቸውም ያን አዳራሽ እንደ ተወካይ አልረገጡም።

የደቡብ ግዛቶች ባሪያዎቻቸው ለወንበር ብዛት ይቆጠሩልን አሉ። መምረጥ ለማይችል፣ እንደ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው። ከአምስቱ ሦስቱ ይቆጠሩ ተባለ። ኦገስት 8 ቀን ጉቨርነር ሞሪስ የሚባል የፔንሲልቬኒያ ተወካይ ተነሥቶ፣ ሰው ከሆኑ ዜጋ አድርጓቸውና ይምረጡ፤ ንብረት ከሆኑ ደግሞ ሌላው ንብረት ለምን አይቆጠርም ብሎ ሞገታቸው። የሰማው የለም። የደቡብ ካሮላይናና የጆርጂያ ሰዎች የባሪያ ንግዱ ከተነካ አንገባም አሉ። ኒው ኢንግላንዶች ደግሞ የመርከብ ንግድ ሕግ በተራ አብላጫ ድምፅ እንዲያልፍላቸው ፈለጉ። ሰጥቶ መቀበል ሆነ። የባሪያ ንግድ እስከ 1808 እንዳይከለከል ተዋዋሉ። ያመለጠ ባሪያም ለጌታው ይመለስ የሚል አንቀጽ ገባ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ «ባሪያ» የሚለውን ቃል አንድም ቦታ አልጻፉትም። ያፈሩበት ነገር እንደነበረ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሜሰን ኦገስት 22 ቀን ባርነትን አጥብቆ አወገዘ። ባሪያ ያለው ሰው ሁሉ ትንሽ ጨቋኝ ሆኖ ይወለዳል አለ። የሰማይ ፍርድ በአገር ላይ ይመጣል አለ። እውነቱን ነበር። ግን እሱ ራሱ ገንስተን ሆል ውስጥ ብዙ ሰዎችን በባርነት ይዞ ነበር፤ ሲሞትም ነፃ አላወጣቸውም። ሜሰንን የማከብረውን ያህል ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ያ ውል ምን እንዳመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከውጭ ባሪያ ማስገባት ከ1808 ጀምሮ ተከለከለ፤ በአገር ውስጥ መሸጥ ግን ቀጠለ። ዱክ ስትሪት ላይ፣ ብዙዎቻችሁ በየቀኑ በመኪና በምታልፉበት መንገድ፣ ከ1828 ጀምሮ የአገሪቱ ትልቁ የባሪያ ነጋዴዎች ድርጅት ነበር። ሰዎች እዚያ ታጉረው ወደ ደቡብ ይጫኑ ነበር። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ያንን ውል ለማፍረስ ከ600 ሺህ በላይ ሰው ያለቀበት ጦርነት አስፈለገ። 13ኛው ማሻሻያ በ1865 ባርነትን ሻረ። በ1868 የጸደቀው 14ኛው ደግሞ እዚህ የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው አለ። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ፓስፖርት ያገኙት በዚህ ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው የተጻፈው ግን በመጀመሪያ ደረጃ ለእነዚያ ለታጎሩት ሰዎችና ለልጆቻቸው ነው። ይህን ዕዳ ማወቅ አለብን።

ወደ ሜሰን ልመለስ። ሴፕቴምበር 12 ቀን ሥራው እያለቀ ነው። ሰው ደክሟል፣ ቤቱ ናፍቆታል። ሜሰን ተነሥቶ፣ ይህ ሕገ መንግሥት በመብቶች መግለጫ ቢጀምር ጥሩ ነበር፤ የግዛቶቹን መግለጫዎች ይዘን በጥቂት ሰዓት ማዘጋጀት ይቻላል አለ። ጌሪ ሐሳቡን አቀረበ፤ ሜሰን ደገፈ። የኮነቲከቱ ሮጀር ሸርማን የግዛቶቹ መግለጫዎች አሉ፣ እነሱ ይበቃሉ አለ። ድምፅ ተሰጠ። አንድም ግዛት አልደገፈውም፤ አሥሩም ተቃወሙት። የራሱ ቨርጂኒያ ጭምር።

ይህ በጉባኤው ከተሠሩት ስሕተቶች ሁሉ ለመስተካከል ቀላሉ ነበር። የጥቂት ሰዓት ሥራ ነበር። ድካም የማያደርገው የለም። ሜሰን የታተመውን ረቂቅ ገልብጦ በጀርባው ላይ ተቃውሞውን ጻፈ። የመጀመሪያው ነጥቡ «የመብቶች መግለጫ የለም» የሚል ነው። ያ ተቃውሞ ኋላ ታትሞ በየግዛቱ ተሠራጨ።

ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ ለመዋል ዘጠኝ ግዛቶች ማጽደቅ ነበረባቸው። ለዚህም በየግዛቱ ልዩ ጉባኤ ተመረጠ። ደላዌር በዲሴምበር 1787 አንድም ተቃውሞ ሳይሰማ ቀድማ አጸደቀች። ፔንሲልቬኒያ ላይ ነገሩ አላማረም፤ ተቃዋሚዎች ምልአተ ጉባኤ ለማጉደል ከምክር ቤቱ ሲቀሩ፣ ሕዝብ ሁለቱን ካረፉበት ጎትቶ አምጥቶ ወንበራቸው ላይ አስቀመጣቸው። ማሳቹሴትስ 187 ለ168 በሆነ ጠባብ ድምፅ ያጸደቀችው፣ አሁን አጽድቁ፣ ማሻሻያ ደግሞ አብረን እንጠይቅ የሚል መንገድ ስለተገኘ ነው። ይህ መንገድ ሌሎቹንም አዳነ። ኒው ሃምፕሻየር በጁን 1788 ዘጠነኛ ሆነች።

ትልቁ ፍልሚያ ግን ሪችመንድ ላይ፣ በቨርጂኒያ ጉባኤ ነበር። በአንድ ወገን ፓትሪክ ሄንሪ፣ ሜሰንና ወጣቱ ጄምስ ሞንሮ። በሌላው ወገን ማዲሰን። እና ራንዶልፍ! አልፈርምም ያለው ራንዶልፍ ስምንት ግዛቶች አጽድቀዋል፤ አሁን እምቢ ማለት አገር መበተን ነው ብሎ ዞረ። ሜሰን በጣም ተቆጣ። በመጨረሻ 89 ለ79 ጸደቀ። ሄንሪ ሽንፈቱ ሲታየው ያለውን ሐሳብ ልብ በሉልኝ፦ ብሸነፍ ያመኛል፤ ግን ሰላማዊ ዜጋ እሆናለሁ፤ ጉድለቱን በሕጋዊ መንገድ ለማረም ጭንቅላቴም እጄም ልቤም ነፃ ናቸው። ያ ሰው በአፉ ብቻ ጦር ማንቀሳቀስ የሚችል ሰው ነበር። አላንቀሳቀሰም።

ኒውዮርክ 30 ለ27 ተከተለች። ሮድ አይላንድ እስከ ሜይ 1790 አንገራግራ 34 ለ32 ገባች።

ሄንሪ ቃሉን ጠበቀ፤ ማዲሰንን ግን አልማረውም። የቨርጂኒያ ምክር ቤት ማዲሰንን ሴናተር አድርጎ እንዳይልከው አደረገ። ማዲሰን ለተወካዮች ምክር ቤት ሲወዳደር ደግሞ ሞንሮ ተነሣበት። ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው። በዚያ ክረምት በበረዶ እየተጓዙ አብረው ሲከራከሩ ቆዩ። ማዲሰን በአንዱ ጉዞ አፍንጫውን ብርድ እንደጎዳው በስተርጅናው ይናገር ነበር። የአካባቢው ባፕቲስቶች ስለ ሃይማኖት ነፃነታቸው ይፈሩ ነበር፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ሰባኪዎቻቸው ታስረው ያውቃሉና። ማዲሰን ቀደም ሲል የመብቶች ዝርዝር አያስፈልግም ይል ነበር። አሁን ከተመረጥኩ ማሻሻያ አቀርባለሁ ብሎ ቃል ገባ። በ336 ድምፅ ልዩነት አሸነፈ።

ዋሽንግተን ኤፕሪል 30 ቀን 1789 ኒውዮርክ ላይ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ኮንግረሱ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ሚኒስቴሮች፣ ስለ ፍርድ ቤቶች ተወጥሮ ነበር። ማዲሰን ግን ጁን 8 ቀን ማሻሻያውን ይዞ ተነሣ። ባልደረቦቹ አሁን ጊዜው ነው ወይ አሉት። አልተዋቸውም። እስኪሰለቹ ወተወታቸው። ኮንግረሱ 12 አንቀጾችን ለግዛቶች ላከ። አሥሩ በዲሴምበር 15 ቀን 1791 ጸደቁ። በዚያው በ2008ቱ ፈተና ላይ «የመጀመሪያዎቹ አሥር ማሻሻያዎች ምን ይባላሉ?» ሲሏችሁ ቢል ኦፍ ራይትስ የምትሉት ይህ ነው። አንድም ድምፅ ያላገኘው የሜሰን ሐሳብ አራት ዓመት ዘግይቶ፣ በተቃዋሚው እጅ ሕግ ሆነ።

ሜሰንስ? የማሻሻያዎቹ ወሬ ሲደርሰው ደስ አለው። በሴፕቴምበር 1789 በጻፈው ደብዳቤ ሌላ ሁለት ሦስት ማሻሻያ ቢጨመርበት እጄንም ልቤንም በደስታ ለአዲሱ መንግሥት እሰጣለሁ አለ። ቀኝ እጄን ብቆርጠው ይሻለኛል ያለው ሰው ነው ይህን የሚለው። ከዋሽንግተን ጋር ግን ወዳጅነታቸው እንደ ድሮው አልሆነም። በ1792 ሞተ።

ሌሎቹ ተሸናፊዎች የት እንደደረሱም ልንገራችሁ። ራንዶልፍ የአገሪቱ የመጀመሪያው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። ጌሪ በማዲሰን ጊዜ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ኒውዮርክ ላይ ተቃውሞውን የመራው ጆርጅ ክሊንተንም ከእሱ በፊት ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። ሞንሮ አምስተኛው ፕሬዚዳንት ሆነ። ያልፈረመና የተቃወመ ሁሉ ከሃዲ ተብሎ ቢታደን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ጫካ ይገቡ ነበር።

ቅዳሜ ጊዜ ካላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ዋሽንግተን የሚገኘው ብሔራዊ መዛግብት ቤት ሂዱ። መግቢያው ነፃ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአራት ብራና መስታወት ውስጥ አለ። ፊርማዎቹ በግዛት በግዛት ናቸው። ከኒውዮርክ ፈልጉ፤ የሐሚልተን ብቻ ነው ያለው፤ ሁለቱ ጓደኞቹ በጁላይ ጥለው ሄደዋል። ከቨርጂኒያ ፈልጉ፤ ሜሰንና ራንዶልፍ የሉም። ከዚያ እዚያው አዳራሽ ያለውን ቢል ኦፍ ራይትስ እዩና አንቀጾቹን ከልጆቻችሁ ጋር ቁጠሩ። አሥር ብላችሁ አጥንታችኋል፤ ብራናው ላይ ያሉት ግን 12 ናቸው። ሁለተኛው፣ የኮንግረስ አባላት ለራሳቸው የጨመሩት ደመወዝ ከሚቀጥለው ምርጫ በፊት ሥራ ላይ እንዳይውል የሚለው፣ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1992 ጸድቆ 27ኛው ማሻሻያ ሆኗል። የመጀመሪያው ዛሬም አልጸደቀም።

ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ።